የወይዘሮ ክራውስ ሙያ ምንድን ነው?

ሚልድሬድ ክራውስ ኒውዮርክ ውስጥ ሰው ሠራሽ ዓይን መሥራት ከጀመረች ሃያ ዓመት ሞላት። ደንበኛዋን ፊት ለፊቷ ጉልበት ለጉልበት አስቀምጣ፣ ደህናውን ዓይን እያየች ሌላውን ትቀባለች። ነጩ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን ደም ሥሮች ከቀይ የሐር ክር የተመዘዙ ናቸው። ሥራው ባማረ ቁጥር ታዲያ ሠሪዋን የሚያስታውስ የለም። ደንበኞቿ መንገድ ላይ ሲያገኟት፣ ሰላም ካሏት ምስጢራቸው የሚወጣ ይመስል፣ እንዳላዩ ያልፏታል። አትፈርድባቸውም፤ ግን ይከፋታል፣ ምን ይደበቃል።

የእንግዳን ሙያ ወደሚያስገምተው የእሁድ ምሽት የቴሌቪዥን ጨዋታ ስትጠራ ዓይኗን አላሸችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ “አቶ ቶርንተን ይኖራሉ?” ዕረፍት ላይ ነው አሏት። ዝነኛው ጋዜጠኛ ኤሊስ ቶርንተን ከአራቱ ገማቾች አንዱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት በሐሰት ስም መጥቶ የግራ ዓይኑን ያሠራው እሷ ዘንድ ነበር። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

መድረኩ ላይ ወጥታ ስሟን ሰሌዳው ላይ ጽፋ ዞር ስትል፣ ቶርንተን ከዕረፍቱ ቀድሞ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ክው አለች። እሱም ደነገጠ። በጨዋታው ሕግ እንግዳውን የሚያውቅ ገማች ወዲያው ተናግሮ መውጣት አለበት። ከተናገረ ደግሞ፣ የት ተዋወቃችሁ መባሉ አይቀርም። ዝም አለ።

ተመልካቹ ሙያዋን ተጽፎ አይቷል፤ ገማቾቹ ግን አያውቁም። ተዋናይቷ ሎሬይን ጀመረች።

“የሚበላ ነው?”

“ኧረ በፍጹም!” ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

“ባለቤቴ ገዝቶ ቢያመጣልኝ ደስ ይለኛል?”

“የሚደነግጡ ይመስለኛል።”

መድረክ መሪው አቶ ፕሬንቲስ ከሳቁ ጋር እየታገለ “አይደለም” በተባለ ቁጥር ከሚገለበጡት ካርዶች ሁለተኛዋን ገለበጠ።

“ሰውነት ላይ የሚደረግ ነው?”

“አዎ።”

“እንግዲህ ደረስኩበት! አሁን እዚህ ከተቀመጥነው ከአራታችን፣ ይህን ያደረገ አለ?”

ሚልድሬድ ቤተ ክርስቲያን የማትቀር፣ ውሸት የማይሆንላት ሴት ናት። ቶርንተን ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል። በአንዲት ቃል ይህን ሰው አገር ሊያየው ነው።

“የለም” አለች።

ፕሬንቲስ ካርዱን ሊገለብጥ እጁን ሲዘረጋ፣ “ተወው፣ አትገልብጠው” አለ ቶርንተን።

“ምነው ኤሊስ?”

“እኚህን ሴትዮ አውቃቸዋለሁ። ገና ሲገቡ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። አሁን ደግሞ እኔን ሊሸፍኑ ብለው ዋሹ።” “የግራ ዓይኔን የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ያኔ ከቤት መውጣት አስጠልቶኝ ነበር። እኚህ ሴትዮ ከሰው ቀላቀሉኝ፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ተመልሼ አላመሰገንኳቸውም።”

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

እንግዳ ሲሰናበት ገማቾቹን በተራ መጨበጥ ልማድ ነው። ቶርንተን ጋ ስትደርስ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣት። ደህና ነገር ልትናገር ፈልጋ ነበር፤ ግን ዓይኑን ከቅርብ ስታየው ሙያዋ ቀደማት።

“አቶ ቶርንተን፣ ይህ ዓይን በየዓመቱ መወልወል አለበት ብዬዎት አልነበረም? የት ጠፍተው ነው?”

“ከደጅዎ ስገባ አንድ ሰው ቢያየኝስ ብዬ።”

“አሁንማ ማን ያላየ ቀረ!”

ሰዉ ሳቀ፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው እሱ ነው፣ እንባው በሁለቱም ጉንጮቹ እየወረደ። ሚልድሬድም አለቀሰች። ከዚያ ክንዷን ይዞ፣ አገር ሁሉ እያየ፣ እስከ በሩ ሸኛት።