የመዳፍ ፍተሻ

ቡሽራ ቁጡ ሰው ነው። ፒያሳ ይህን ያውቃል፣ እሱም አይክድም። ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ግቢ ውስጥ የቀለም መርጫ ማሽን ሲጠግን ውሎ፣ አንድ ብሎን አልፈታ ካለው ከብሎኑ ጋር ይሰዳደባል። እንዲህ ያለውን ሰው በጠራራ ፀሐይ ሌባ ብሎ መጥራት ጤና አይደለም።

ሌባ ያለው ደግሞ አብሮ አደጉ ሉልሰገድ ነው። ሁለቱም ሙያ የቀሰሙት ከአንድ ሰው፣ ከሉልሰገድ አባት ከጋሽ ሀብተሥላሴ ነበር። ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መኪና ቀቢ ነበሩ። መርጫው በደንብ መንፋቱን የሚፈትሹት በመዳፋቸው ነው። አፉን ወደ መዳፋቸው አስጠግተው ቃታውን ይስባሉ፣ መዳፋቸው ላይ ያረፈውን ቀለም ያያሉ፣ ከዚያ «በቃ፣ ሠርቷል» ይላሉ። በአየር ለሚነፋው ለዚያን ጊዜው መርጫ ይህ ምንም አልነበረም። ልጃቸው ሕንጻ የሚቀባበት ማሽን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አየር የለውም። ቀለሙን ራሱን በፓምፕ ጨምቆ በቀጭን ቀዳዳ ይተፋዋል፣ ሥጋ ላይ ካረፈም ሥጋ ይበሳል። ቡሽራ ይህን ስንት ጊዜ ነግሮታል። ሉልሰገድ ግን መዳፉን ካልዘረጋ ማሽኑ የተጠገነ አይመስለውም። እጁ እስካሁን የተረፈው ቡሽራ ቀድሞ ማሽኑን እያጠፋ፣ ግፊቱን እያስተነፈሰ ስለሚጠብቀው ነው።

በዚያ ሳምንት ቡሽራ የማሽኑን ፒስተንና ፓኪንግ የሚሉትን ማሸጊያ ጎማ በአዲስ ቀይሮ አስረከበው። ሉልሰገድ ማሽኑን ይዞ ቸርችል ጎዳና ወደሚቀባው ሕንጻ ወረደ። የሕንጻው ባለቤት ቆመው እያዩ ማሽኑ ግድግዳው ላይ ጓል ጓል ቀለም ተፍቶ ተፍቶ ቀጥ አለ። ሰውየውም ለሌላ ቀቢ ስልክ ደወሉ። ሉልሰገድ ማሽኑን በላዳ ታክሲ ጭኖ ዳገቱን ተመለሰና ቡሽራ እግር ሥር ወረወረው።

«አዲስ ፓኪንግ ገባ አላልከኝም?»

«ገብቷል። ካላመንክ ፍታው።»

«አሮጌውን አጥበህ ነው የመለስክብኝ። አዲሱን ለሌላ ሰው ሸጥከው። በሰው ፊት አዋረድከኝ፣ ቡሽራ።»

የወርቅ ቤቱ ዘበኛ ተክላይ ከበሩ ላይ ዞሮ ማየት ጀመረ። ቡሽራ የተክላይን ዓይን ሲያይ ደሙ ፈላ። ቢሆንም ራሱን ያዘ። ማሽኑን ፈታና ቀለም ከሚስበው ቱቦ ጫፍ ላይ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ አወጣ። በደረቀ ቀለም ጥርቅም ብሎ ተደፍኗል።

«ቀለሙን ሳታጠልል ነው የደፋህበት። ማታም አላጠብከውም። ይኸው።»

«ሌባ» አለው ሉልሰገድ፣ ፊልትሮውን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ።

ቡሽራ ሁለተኛ ቃል አልጠበቀም። በቡጢ አፉ ላይ አሳረፈበት። ሉልሰገድም የዋዛ አይደለም፣ ወገቡን ይዞ ከቆርቆሮው አጥር ጋር አላተመው፣ ጉልበቱን ሆዱ ላይ ሰካበት። መፍቻው፣ ካቻቢቴው፣ የቀለም ጣሳው መሬት ላይ ተበታተነ። ቡሽራ ጆሮውን ይዞ ጭንቅላቱን ከብረቱ በር ጋር አጋጨው። ተክላይ ዱላውን በመሐላቸው አስገብቶ ባይገላግላቸው አንዱ እዚያው በቀረ ነበር።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢበቃ መልካም ነበር። ቡሽራ ግን ንጹሕ መሆኑን ማሳየት ነበረበት። ደሙን ተፋና ከመደርደሪያው ዕቃ ማውረድ ጀመረ። አዲስ ፊልትሮ፣ አዲስ ቱቦ፣ ለራሱ ያስቀመጠው ከነላስቲኩ ያለ መርጫ ሳይቀር።

«ሁሉንም እያየህ ነው የምገጥመው። ተክላይም ይይ።»

ገጠመ። የሚስበውን ቱቦ ነጭ ቀለም ውስጥ ነከረ፣ ማሽኑን አስነሳና የግፊቱን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞረው። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሞልቶ ዝም አለ። ሉልሰገድ በግራ እጁ የአፍንጫውን ደም ጠረገና የቀኝ መዳፉን ዘርግቶ የመርጫው አፍ ላይ ለጠፈው።

«ጉልበት ካለው ይኸው።»

«እጅህን አንሳ።»

«ባዶ መሆኑን ስለምታውቅ ነው የፈራኸው። ወንድ ከሆንክ ሳበው።»

ቡሽራን ጣቱ አዳለጠው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላዳለጠውም። ሳበው።

ፍስስ የምትል ድምፅ ብቻ ነበረች። ሉልሰገድ መዳፉን ገልብጦ አየው። ከጠቋሚ ጣቱ ሥር በመርፌ የተወጋ የምትመስል ነጥብ አለች፣ ደም እንኳ የላትም። ሳቀ።

«ይህ ነው ጉልበቱ? ቁንጫ ይሻላል።»

የቡሽራ ቁጣ በአንድ ጊዜ ጥሎት ጠፋ፣ በቦታው ፍርሃት ገባ። መለዋወጫ የሚያመጣለት ነጋዴ አንድ ቀን በስልኩ ፎቶ አሳይቶት ነበር። እንዲህ ባለች ነጥብ ተጀምሮ፣ በማግስቱ ጠቁሮ፣ ከክንድ የተቆረጠ እጅ። ቀለሙ አሁን በሉልሰገድ ሥጋ ውስጥ፣ በጅማቶቹ መሐል እየሄደ ነው። ቶሎ ተከፍቶ ካልታጠበ ያ እጅ የለም።

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ለዚች?»

«ወላሂ ትቆረጣለህ። እግርህ ላይ ልውደቅ፣ እንሂድ።»

«ሰርቀህ፣ ደብድበህ፣ አሁን ደግሞ በሐኪም ታስፈራራኛለህ። ሂድ ከፊቴ። ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ።»

ሉልሰገድ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መንገዱ ወጣ። ቡሽራ ተከትሎ ለመነው፣ እጅጌውን ጎተተው፣ ሉልሰገድም በክርኑ ደረቱን አለው። ልመና እንደማይሠራ ቡሽራ ገባው። ቅድም የመታው ሊያሳምመው ነበር፣ አሁን ግን ሊጥለው ነው። አገጩን አነጣጥሮ ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። ሉልሰገድ አስፋልቱ ላይ ተዘረረ። ቡሽራ ጎንበስ ብሎ ትከሻው ላይ ጫነው።

ፒያሳ በዚያ ሰዓት ሰው በሰው ነው። ያየው ሰው ያየው አንድ ደም የለበሰ ሰው ሌላውን ደብድቦ ጥሎ ተሸክሞ ሲሄድ ነው። «ገደለው፣ ያዙት» አለ አንዱ። ከኬክ ቤቱ፣ ከታክሲ ሰልፉ ሰው ጎረፈ። መጀመሪያ የመጣው ካልቾ ቅልጥሙን አገኘው። ቀጥሎ ድንጋይ ቅንድቡን ተረተረው። ቡሽራ ሁለት እጁ ጓደኛውን ይዟል፣ መከላከያ የለውም። ቢለቀው ሉልሰገድን ነጥቀው ወደ ቤቱ ይሸኙታል። አለቀቀውም። ጎድኑ ላይ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማ። በጉልበቱ ተንበረከከ፣ እንደገና ተነሣ።

«እጁን እዩት» ይላል እየተደበደበ፣ «እጁን እዩት።»

ያዳነው የላዳ ሹፌሩ አጽብሐ ነው። ሁለቱንም ከልጅነታቸው ያውቃቸዋል። ሰዉን በጡሩንባ እየከፈለ ደረሰና የኋላውን በር ከፈተ። ቡሽራ ጓደኛውን ወደ ውስጥ ጥሎ በላዩ ላይ ወደቀ። ቴዎድሮስ አደባባይን ሲያልፉ ሉልሰገድ ነቃ። ሊሳደብ አፉን ከፈተና እጁን አየ። ጣቱ አብጦ ነጥቷል።

«ቡሽራ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አይሰማኝም እኮ።»

ቡሽራ አለቀሰ። እስከ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ አለቀሰ።

ተረኛዋ ሐኪም ዶክተር ሐዊ የሁለቱን ፊት አይታ ፖሊስ ልትጠራ ነበር። «ፊቱን ይተዉት፣ እጁን ይዩልኝ። የቀለም ማሽን ነው» አላት ቡሽራ። ነጥቧን ስታይ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም፣ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስሮጠችው። መዳፉን ከጣቱ እስከ አንጓው ከፍታ ነጩን ቀለም ከሥጋው ስታጥብ ዋለች።

ስትወጣ ቡሽራን ወደ ጥግ ወሰደችው።

«እጁ አይቆረጥም። ጅማቶቹ ግን ተጎድተዋል፣ ጣቶቹ ከእንግዲህ ሙሉ በሙሉ አይታጠፉም። ለእሱ ነገ ሲረጋጋ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ማምሻውን የሉልሰገድ ሚስት ጽጌማርያም መጣች። አጽብሐ መንገድ ላይ ሁሉንም ነግሯት ነበር፣ እሱ የሚያውቀውን ሁሉ። ባሏ ደግሞ «ቃታውን ራሴ ነኝ የሳብኩት» አላት፣ ወደ ቡሽራ ሳያይ። ሴትየዋ የቡሽራን የቆሰሉ እጆች ይዛ ሳመቻቸው።

«ተደብድበህ አዳንክልኝ፣ ወንድሜ።»

ያን ሁሉ ካልቾ የቻለ ሰው ይህን አልቻለም። ከተሰበረው ጎድኑ በላይ አመመው።

«ውሸቱን ነው፣ ጽጌ። እኔ ነኝ የሳብኩት። ተናድጄ፣ እያወቅኩ።»

እጆቹን ለቀቀች። አየችው። ከዚያ ፊቱን በጥፊ አጮለችው፣ ደገመችው፣ የተሰፋው ቅንድቡ ተከፍቶ ደሙ ወረደ። ቡሽራ ፊቱን አላዞረም።

«ተዪው፣ ጽጌ» አለ ሉልሰገድ ከአልጋው ላይ። በፋሻ የተጠቀለለውን ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ከፍ አደረገው። ባበጠው ከንፈሩ ፈገግ ለማለት ይሞክር ነበር። «ለኔም አስቀሪልኝ። ይቺ እጅ ትዳንና የሱን ቡጢ እኔው ራሴ እሰጠዋለሁ።»

ቡሽራ «እሺ» አለው፣ «እጠብቃለሁ።» ከዚያ ዶክተሯ ነገ የምትነግረው ትዝ አለውና ወደ ግድግዳው ዞረ።