ከመስኮቱ ሥር የጮኸችው እንቁራሪት

ተመራማሪዋ ማይክሮፎኗን ጓሮው ውስጥ ወዳለው ኩሬ ዘርግታ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ ስትጠብቅ፣ ጡረተኛው ሹፌር ከኋላዋ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። እንደ ዛሬ ተከብሮ አያውቅም። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ነድቶ ያተረፈው የተሳፋሪ ስድብ ነበር። ሰሞኑን ግን ጓሮው ውስጥ የቀዳውን ድምፅ እንቁራሪቶችን በድምፃቸው በሚለይ የስልክ መተግበሪያ ላይ ቢጭነው፣ «ጠፍታለች የተባለች ብርቅዬ ዝርያ» የሚል መልስ መጣለት። በመተግበሪያው እንቁራሪት የሚመዘግቡት የበጎ ፈቃደኞች ቡድን «እንኳን ደስ ያለህ» ሲያዘንብበት ሰነበተ። ሚስቱ እንኳ «ለካ አንተም ለቁም ነገር ትበቃለህ» አለችው።

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው የምትጮኸው?»

«ከምሳ በኋላ። ዝንፍ አትልም።»

ተናግሮ ሳይጨርስ «ኩርርር... ፊው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ተመራማሪዋ በደስታ እጁን ጨበጠችው። ማይክሮፎኗን ወደ ኩሬው ስታዞር ድምፁ ደከመ፤ ወደ ቤቱ ስታዞር ጎላ። እየተከተለች ሄዳ ከተከፈተ መስኮት ሥር ቆመች። ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። አማቱ ከምሳ በኋላ ጋደም ብለዋል።

በዚህ ቤት የአማትየዋን ማንኮራፋት ማንሳት ክልክል ነው። «በዘራችን የሚያንኮራፋ የለም» ባይ ናቸው። አንድ ጎረቤት በቀልድ ቢያነሳባቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጥተው በስንት አማላጅ ነው የተመለሱት። ቤተሰቡ «አልሰማንም» ማለት ከመልመዱ የተነሳ ሹፌሩ የምሩን መስማት አቁሞ ነበር።

ሚስቱ ከኋላው ደርሳ ነገሩ ገባት። «እናቴን እንቁራሪት ብለህ ለዓለም በተንካት?» አለች በሹክሹክታ።

«መተግበሪያው ነው እንጂ እኔ መች አልኩ!»

ድምፁ ተቋረጠ። አማትየዋ መጋረጃውን ገለጡ። «መስኮቴ ሥር ምን ትሠራላችሁ?»

«እማማ፣» አለች ተመራማሪዋ፣ «የቀዳነው ድምፅ ምናልባት የእርስዎ...»

«የኔ ነው!» አለ ሹፌሩ ቀደም ብሎ። «እኔ ነኝ የማንኮራፋው።»

«ጋሼ፣ አሁን እኮ አጠገቤ ቆመው ነበር!»

«አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ልጄ። ዓይኔን ገልጬም እተኛለሁ።»

አማትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድሮም ጠርጥሬ ነበር። ልጄ እንዲህ የከሳችው እንቅልፍ አጥታ ነው።»

ሚስቱ ሳቋን አፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። ሹፌሩ ስልኩን አወጣ። «ብርቅዬ ዝርያ» የሚለውን አጠፋና፣ በምትኩ «የመዝጋቢው ማንኮራፋት» ብሎ ጽፎ ለመላው ቡድን ላከው።