በጾም የጨመረ ስኳር

ግዛቸው ልጅ ሳለ ሁለት ሽማግሌዎች ሲያወጉ ሰምቷል። «የቀረበልህን አልበላም ከማለት ጾም ነኝ ማለት ይሻላል» ተባባሉ፤ የቀረውን ረስቶታል።

ዘንድሮ በሚኖርባት የአሜሪካ ከተማ ሌዊስቪል ውስጥ ሐኪሙ «ስኳርህ ካልወረደ መርፌ ትጀምራለህ» አለው። በዚያው ሰሞን ማሌዥያዊቷ ጎረቤቱ እትዬ ሮሃያ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ ከኪያር ጋር በሳህን ይዘው መጡ።

«ጾም ነኝ» አላቸው።

ሙስሊም ናቸውና ጾም ያከብራሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሩዙን እጥፍ አድርገው ተመለሱ። «የእናንተን ጾም ጠይቄያለሁ። ሥጋ የለበትም፣ ወተቱም የዛፍ ነው። በል አፍጥር።»

በየቀኑ ጾመ፤ በየምሽቱ አስፈጠሩት። በጾም ሱሪው ጠበበው። መርፌው ሲቃረብ እውነቱን ነገራቸው።

«ስኳር ነው አትልም ታዲያ? እኔም አለብኝ» አሉ። «ሳህኑን ይዤ ፓርኪንጉን እዞራለሁ። ከደረስክብኝ ሩዙን፣ ካልደረስክብኝ ኪያሩን ብቻ ትበላለህ።»

ግዛቸው አማተበና፣ ከነገ ጀምሮ በየምሽቱ ሊያሳድዳቸው ተስማማ።