የዌንዴል መብራት

ኢርማ ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ኬብሉን ነቀለች፣ እፍ አለችበት፣ መልሳ ሰካችው። ጠበቀች። ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት እንደተገተረች ናት። አትርገበገብም።

"በል እንጂ፣ አንተ ደረቅ" አለችው።

አራተኛ ቀኑ ነው።

ጉልበቷን እያሸች ወጣች። ጠረጴዛው ሁለት የፋይል ካቢኔ ላይ የተጋደመ አሮጌ በር ነው፤ የእጀታው ቀዳዳ የኬብል ማሳለፊያ ሆኗል። ሞኒተሩ ሦስት ወፍራም የቅየሳ መጻሕፍት ላይ ተቀምጧል። ወንበሩ አንድ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት ለሞላት፣ ብቻዋን ለምትኖር ሴት ሁለተኛ ወንበር ምን ያደርጋል።

ሃርድ ዲስኩ የሷ አይደለም። የዌንዴል ነው። በካናዳዋ ተንደር ቤይ ከተማ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ የኮምፒውተር ክበብ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንም ያለውን ሁሉ ቤቱ ብቻ አያስቀምጥም። ቤት ይቃጠላል፣ ቱቦ ይፈነዳል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩና አንዱ የሌላውን ሃርድ ዲስክ ቤቱ ያኖራል። ኮምፒውተሮቹ ጠዋት ጠዋት አዲስ የገባውን ነገር በኢንተርኔት ይላላካሉ። ቅጂው በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነው፤ ያኖረው ሰው ከፍቶ ማየት አይችልም። የሚያየው አዲስ ነገር እየገባ ሳለ የምትርገበገበዋን መብራት ብቻ ነው።

ኢርማና ዌንዴል አሥራ አንድ ዓመት ተጣምረዋል። ክበቡ ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ ተዘጋ። ግማሹ ሰው ሞተ፣ ግማሹ ልጆቹ ጋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተደዋውለው አያውቁም። ምን ብለው? ግን በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ኢርማ የአጃ ገንፎዋን ስትበላ፣ መብራቷ ትርገበገባለች። "ተነሥቷል" ትላለች ኢርማ። ሳህኗን ታጥባለች። ቀኗ የሚጀምረው እንደዚያ ነው።

በሷ በኩል ያለውን ሁሉ ፈትሻለች። ራውተሩ ደህና። ኬብሉ ደህና። ዲስኩ ደህና። የቀረው ዌንዴል ነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። የቤቱ የምድር ቤት ደረጃ መደገፊያ የለውም፤ "ነገ እሠራዋለሁ" ሲል አሥራ አንድ ዓመት ሞላው።

ስልኩን አነሣች። አስቀመጠችው። መብራትህ አልርገበገብ አለችኝ ተብሎ ይደወላል? እንደገና አነሣችው።

ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ልትዘጋው ስትል ተነሣ።

"የምትሸጡት ነገር ካለ አልገዛም" አለ ዌንዴል።

ኢርማ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

"ኢርማ ነኝ።"

"ኢርማ? ምነው፣ ማን ሞተ?"

"አንተ መስለኸኝ ነበር።"

"ገና ነኝ። ወረፋ ላይ ነኝ።" ሳቀ፣ ከዚያ ሳለ። "ምን ተገኘ?"

"ኮምፒውተርህ አራት ቀን ምንም አልላከም። ኬብል ይሆናል ብዬ ነው።"

በስልኩ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

"እሱማ... ልጄ ትራቪስ መጥቶ ነበር። 'አባዬ፣ ይሄ እኮ የድንጋይ ዘመን ነው' አለና ሁሉንም ክላውድ የሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ጫነልኝ። በወር አሥራ ሁለት ዶላር፣ እሱ ነው የሚከፍለው። ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ?"

"ይኸው አሁን።"

"የደወልኩት እኔ ነኝ፣ ዌንዴል።"

"ልክ ነሽ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "በቃ የኔን አጥፊውና ቦታውን ተጠቀሚበት። አራት ቴራባይት ነው፣ ብዙ ነው።"

"አጠፋዋለሁ።"

ሌላ ምን ትበለው? ገንፎዬን የምበላው መብራትህን እያየሁ ነው ትበለው?

"የኔንስ?" አለች። "ነቀላችሁት?"

"ማን ይነካዋል። ትራቪስማ ሊነቅለው ነበር። 'የሰው ዕቃ ቤትህ ምን ይሠራል' አለኝ። 'አንተ ከቤት ከወጣህ ወዲህ ከኔ ጋር የኖረው እሱ ነው' አልኩት። ተቀየመ መሰለኝ።"

"ይቀየም።"

"ወደ ወጥ ቤት ካወጣሁት ዓመታት አልፈዋል። ዳቦ መጥበሻው አጠገብ ነው። ጠዋት ቁርሴን ስበላ አየዋለሁ።"

ኢርማ ዞራ የተገተረችውን አረንጓዴ መብራት አየች።

"አለሽ?"

"አለሁ።"

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪ። ድሮ መብራትሽ ዳቦዬ እስኪጠበስ ትርገበገብ ነበር። አንዳንዴ ቅቤ ቀብቼ ሁሉ ጨርሼ እሷ ገና ናት። አሁን ብልጭ፣ ድርግም። ሳልቀመጥ ታልቃለች። በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ እንደዚህ ነው። አመመሽ እንዴ?"

"ዲስኩ አርጅቶ ይሆናል።"

"ፈትሼዋለሁ። ዲስኩ ደህና ነው።"

"ታዲያ ለምን አልደወልክም?"

"ምን ብዬ? መብራትሽ አጠረችብኝ ብዬ?"

ኢርማ ሳቋ መጣባት። ዋጠችው።

"አላመመኝም" አለች። "የምልከው አጥቼ ነው።"

"ሐይቆቹስ? አለቁ?"

ሐይቆቹ። ኢርማ ሃያ ስድስት ዓመት በቅየሳ ሥራ ከሐይቅ ሐይቅ ስትዞር ያነሣቻቸው ሁለት ሺህ የፎቶ ፊልም ስላይዶች አሏት። በስካነር ኮምፒውተር ውስጥ እያስገባች በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ክበቡ ውስጥ አሥር አሥር ታሳይ ነበር። ዌንዴል ከኋላ ይቀመጥና አንዱ በመጣ ቁጥር "ሌላ ሐይቅ" ይላል። ሰው ይስቃል። ክበቡ ሲዘጋ ዘጠኝ መቶ አርባኛው ላይ አቆመች። ማን ሊያየው።

"አላለቁም" አለች።

"እንግዲያው።"

"እንግዲያው ምን?"

"ምንም። ሾርባዬ ገነፈለ። በይ ቻው።"

ዘጋው።

ኢርማ ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። የዌንዴልን ቅጂ መርጣ "አጥፋ" የሚለውን ነካች። እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። አራት ቴራ፣ የአሥራ አንድ ዓመት፣ አንዱንም አይታው የማታውቀው ነገር። "ተወው" የሚለውን ነካች።

ስካነሩ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ፎጣ ለብሶ ነበር። ፎጣውን መስኮቱ ጋ ወስዳ አራገፈችው። ከካርቶኑ ዘጠኝ መቶ አርባ አንደኛውን ስላይድ አወጣችና ብርሃን ላይ አየችው። ውሃ፣ ድንጋይ፣ ጥድ። ሰው የለበትም። ሌላ ሐይቅ።

አስገባችው። ስካነሩ መጠን አስመረጣት፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ሁሌም መካከለኛውን ነበር የምትነካው። ትልቁ ለአንድ ስላይድ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ለመላክም ያን ያህል ይጎተታል። ክበቡ ውስጥ ትልቁን የሚመርጥ ሰው ይሳቅበት ነበር።

ትልቁን ነካች። ስካነሩ እያቃሰተ ሲጀምር፣ ዘጠኝ መቶ አርባ ሁለተኛውን አወጣች።