ግማሽ ጢም

ከየአገሩ የተሰባሰቡት ሰልፈኞች፣ ለተከበበችው ከተማ ዱቄት የጫኑ መኪኖች አስከትለው እስከ ኬላው ድረስ በእግራቸው መጡ። የኬላው አዛዥ ግን "ዝንብ እንኳ አታልፍም!" ብሎ ደጁ ላይ ተገተረ።

ከሰልፈኞቹ አንዱ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ከቤት ሲወጣ ሚስቱ፣ "ሐኪም በሚሄድበት አንተ ማንን ልትላጭ ነው?" ብላ ስቃበታለች።

አንድ ጠዋት ጋዜጠኞች እየመጡ ነው ተባለ። አዛዡ የተንጨባረረ ጢሙን እየዳበሰ፣ "ከእናንተ ውስጥ መላጨት የሚችል የለም?" አለ። ጸጉር አስተካካዩ ሮጠ። ፎጣ አለበሰው፤ አረፋ ቀባው፤ ቀኝ ጉንጩን እንደ እንቁላል አለሰለሰውና ምላጩን አጥፎ ቆመ።

"ምን ሆንክ? ጨርሰው እንጂ!"

"እጄ እምቢ አለኝ፣ ጌታዬ። መኪና ሲያልፍ ካየ ግን ይፍታታል።"

አዛዡ ደም ሥሩ ተገታተረ። "ምላጩን ቀሙትና ጨርሱልኝ!" ብሎ ወታደሮቹ ላይ ጮኸ።

"ጌታዬ፣ የእኔም እጅ ይንቀጠቀጣል" አለ አንዱ ወታደር፣ ሳቁን እንደ ምንም ውጦ።

የጋዜጠኞቹ መኪና አቧራ ከሩቅ ታየ።

"አንዷን የዱቄት መኪና ብቻ አሳልፉ!"

አንዷ አለፈች፤ ግራ ጉንጩም ለሰለሰ።

"በአንድ መኪና ሸወደህ!" ብለው ሰልፈኞቹ ጸጉር አስተካካዩን ከበቡት። እሱ ምላጩን በፎጣ እየጠረገ፣

"ምን አስቸኮላችሁ?" አለ። "ጢም እንደሆነ ይበቅላል፤ እኛም እዚሁ ነን።"