አባቴ ይሙት ያልኩባት መኪና

ገዢው ያመጣው መካኒክ አዩብ ኮፈኑን እንኳን አልከፈተም እኮ! ካርቶን አነጠፈ፣ በጀርባው ተንጋለለ፣ ቀጥታ ከሥር ገባ። እኔ ደግሞ ሞኙ ኮፈኑን ይከፍታል ብዬ ጠዋት ሞተሩን አጥቤ አጥቤ መስታወት አስመስዬዋለሁ። አሁን የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። የአንዱ እግሩ ካልሲ ተቀዷል። ያንን ካልሲ አፍጥጬ እያየሁ በልቤ "ወደ ፊት ሂድ፣ ወደ ኋላ አትምጣ፣ ወደ ኋላ አትምጣ" እላለሁ።

ለምን መሰላችሁ? ከኋላ ጎማው ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ በግራ በኩል፣ ሻንሲው ላይ ነው ጉዱ ያለው። ሻንሲ ማለት ያው የመኪና አከርካሪ ነው፤ ሞተሩም፣ ሰዉም፣ ጭነቱም እሱ ላይ ነው የተቀመጠው። የእኛዋ አከርካሪ ተሰንጥቋል። በያጅ አምጥተን አስለጥፈነዋል፣ ግን በያጁ ራሱ ዕቃውን እየሰበሰበ "ይሄ እስክትሸጧት ነው እንጂ ለሩቅ መንገድ አይሆንም" ብሎን ነው የሄደው። ከላዩ ጥቁር ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። ቀለሙ ሳይደርቅ ደግሞ ከቆሼ መንገድ አቧራ በፌስታል ዘግኜ አምጥቼ በተንኩበት፣ አሮጌ እንዲመስል። ማንም አላዘዘኝም፣ የራሴ ፈጠራ ነው። ፋዘር አይቶ "ጎበዝ" አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም።

መኪናዋን 18 ማዞሪያ አካባቢ ያላችሁ ታውቋታላችሁ። ግዙፏ የአሜሪካ መኪና፣ ብርማዋ። ከፊት ስትታይ የባለሥልጣን ናት፤ የቆዳ ወንበር፣ ሰው ተንደላቆ የሚቀመጥባት። ከኋላ ስትታይ ግን ፒክአፕ ናት፣ ክፍት የጭነት ቦታ ያላት። ለዚህ ነው ሰፈር "በቅሎዋ" የሚላት፤ ግማሿ ፈረስ፣ ግማሿ አህያ። ፋዘር ፌርማታው ጋ መንገድ ሲዘጋ የታክሲ ረዳቶቹ "ጋሽ መዝገቡ፣ ፈረሷን ያሳልፏትና አህያዋ ትቅር!" እያሉ ሙድ ይይዙበት ነበር። እሱም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "አህያዋ ናት የምታበላኝ!" ይላል።

ፋዘር ቱቦና ብረት ነጋዴ ነበር። ነበር የምለው ሱቁ ስለተዘጋ ነው። በቅሎዋ አንድ ጉድ አላት፤ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው ግድግዳ ወደ ፊት ይታጠፋል። ሲታጠፍ የጭነቱ ቦታና የሰው ቦታ አንድ ይሆናል፣ ረጅም ቱቦ እስከ ሹፌሩ ትከሻ ድረስ ይገባል። ፋዘር በዚህ ነገር ይኮራ ነበር። አከርካሪዋን የሰበራትም ይሄው ነው። ስለሚገባ ብቻ ይጭን ነበር።

አሁን ታዲያ፣ አዩብ ከሥር ሆኖ በመፍቻ ቋ ቋ ሲያደርግ፣ ፋዘር ያንን ግድግዳ እያጠፈ እየዘረጋ ለገዢው ለጋሽ ወንዴ ያሳያል።

"አየህ ወንዴ፣ ልጆችህ ሲኖሩ ወንበር ነው፤ ጤፍ ስትጭን መጋዘን ነው!"

ጋሽ ወንዴ ሙሉ ስሙ ወንድይፍራው ነው፣ ከእኛ በታች ወፍጮ ቤት ያለው ጎጃሜ። ሲስቅ ከቅንድቡ ላይ ዱቄት የሚራገፍ የሚመስል ሰው። ሚስቱን፣ ልጆቹንና እናቱን ይዞ አገሩ እየሄደ ጤፍ ጭኖ መመለስ ነው ሐሳቡ። ሰውም ጭነትም የሚችል መኪና ሲፈልግ ከርሟል። ጎጃም ማለት ደግሞ ዓባይ በረሃ ማለት ነው። ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል፤ እዚያ አከርካሪ ቢበጠስ መቆሚያ የለም።

ትንሿ ልጁ ጽጌማርያም ከመጡ ጀምሮ ከኋላ ወንበር አልወረደችም። መስኮቱን በቁልፉ ታወጣለች፣ ታወርዳለች።

"አባ! እኔ በዚህ በኩል ነኝ! ይሄ መስኮት የኔ ነው!"

በግራ በኩል። በትክክል ከስንጥቁ በላይ።

"እሺ እመቤት፣ ያንቺ ነው" አላት ጋሽ ወንዴ።

የዚህን ጊዜ የመፍቻው ቋ ቋ ቆመ።

"ይሄ ቀለም ምንድን ነው?" አለ አዩብ ከሥር። አዩብ አየር ጤና ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ጋሽ ወንዴ ነው ከፍሎ ያመጣው።

"ዝገት እንዳይበላት ነዋ" አለ ፋዘር።

"ሌላውን ቦታ ዝገት አይበላውም?"

"ቀለም አለቀብን።"

አዩብ ሳቀ። ከሥር የሚመጣ ሳቅ ደስ አይልም። "ልጅ፣ የሽቦ ብሩሽ ስጠኝማ፣ ፋቅ ፋቅ ላድርገው።"

"የለንም" አልኩ። ብሩሹ ከኋላዬ በር ላይ ተሰቅሏል። ጀርባዬን አስጠግቼ ሸፈንኩት።

አዩብ እየተንፏቀቀ ወጣ። "የብረት ነጋዴ ቤት የሽቦ ብሩሽ የለም? ጋሽ ወንዴ፣ ያንተ ወፍጮ ቤት ወንፊት የለም እንደማለት እኮ ነው!"

"እንግዲህ ፍቀህ አበላሽተህ ሳትገዙ ብትሄዱስ?" ፋዘር ተቆጣ። የእውነት የተቆጣ ነው የሚመስለው። "ሌባ መሰልኩህ? በዚህ ሰፈር ስንት ዘመን ስኖር!"

"ሌባ የሚል ቃል አልወጣኝም። ሳልፍቅ ግን እሺ አልልም።"

ጋሽ ወንዴ መሃል ቆሞ ተጨነቀ። አንዴ አዩብን፣ አንዴ ፋዘርን ያያል። ፋዘር በዕድሜም ይበልጠዋል፣ በእኛ በጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነው። እሱን ደጁ ላይ ቆሞ መጠርጠር ለጋሽ ወንዴ ነውር ሆነበት። ፊቱ ቀላ። አስቡት፣ ሊያፍር የሚገባን እኛ፣ የሚያፍረው እሱ!

"ተው አዩብ፣ አይፋቅ" አለ። "ጋሽ መዝገቡ፣ አይቀየሙኝ። ብቻ ይማሉልኝና እንጨርስ።"

"ወንዴ፣ እኛ አንምልም፣ ታውቃለህ። አዎ ካልኩህ አዎ ነው።"

"አውቃለሁ፣ አከብራለሁ። እኔ ደግሞ ካልተማለልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ጊዮርጊስን! እንዲህ ነው ያደግኩት።" ራሱን አከከ። ከዚያ እኔን አየኝና ፊቱ በራ። "በቃ ልጁ ይማልልኝ! መካኒክ ይሳሳታል፣ ነጋዴም ነጋዴ ነው፤ ልጅ ግን በአባቱ አይዋሽም። ና ኤሉ። 'አባቴ ይሙት፣ ከሥር ምንም የለባትም' በለኝ። አዩብም ሄዶ ካልሲውን ይስፋ፣ እኛም እንጨባበጥ።"

ጽጌማርያም ከት ብላ ሳቀች። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

አሁን ይሄን ስሙኝ። ልጅ ሆኜ በብይ ጨዋታ ተጣልቼ "እማዬ ትሙት አልነካሁም" ስል ፋዘር ሰምቶኝ ያውቃል። ቤት አስገብቶ ጭኔን ቆንጥጦ፣ እያለቀስኩ፣ "ሰው በሚወደው ሰው ሞት አይጫወትም" ነበር ያለኝ። ከዚያ ወዲህ ምዬ አላውቅም። ጓደኞቼ "ኤሉን ማስማል አይቻልም" ብለው ትተውኛል። ስለዚህ ወደ ፋዘር ዞርኩ። "ልጄን አታስምልብኝ" ይላል ብዬ ነው። ይሄን ቢል ያምርበት ነበር፤ ጋሽ ወንዴም ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። እኔም እተርፍ ነበር።

ፋዘር አላየኝም። የመኪናዋን ጎማ እያየ፣

"ማልለት" አለ።

በጣም ቀስ ብሎ ነው ያለው።

"አባቴ ይሙት" አልኩ።

"ጨርሰው እንጂ!" አለ ጋሽ ወንዴ እየሳቀ።

"አባቴ ይሙት፣ ከሥር ምንም የለባትም።"

ጋሽ ወንዴ አንገቴን ይዞ ግንባሬን ሳመኝ። እንደ ልጁ! "የተባረክ! ጋሽ መዝገቡ፣ ልጅ አሳድገዋል፣ ይሄ ነው ሀብት!" አዩብ ካርቶኑን እያጣጠፈ እጄን አየኝ። እኔም አየሁት። ጥፍሬ ሥር ጥቁሩ ቀለም አለ። በነዳጅ ታጥቤ ያልለቀቀኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። እሱም ካርቶኑን ማጣጠፉን ቀጠለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ተጨባበጡ። ቀብዱም ተያዘ። በዚህ አልቆ ቢሆን ምናልባት እስካሁን ረስቼው ይሆናል፤ እኔ እንጃ። ግን ጋሽ ወንዴ ደስ ብሎታል፣ ደስ ያለው ሰው ደግሞ ዝም አይልም።

"ታዲያ ኤሉ አይደል መኪናዋን የሚያውቃት? ቅዳሜ ስንሄድ እሱ ይንዳልን! ዓባይ በረሃን እኔ እፈራዋለሁ፤ በዚያውም አገሬን ያያል፣ እናቴም ትመርቀዋለች።"

"አይሆንም!"

ፋዘር ነው። ጮኸ። ጽጌማርያም እጇን ከመስኮቱ ቁልፍ ላይ አነሳች። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

"ማለቴ... ቅዳሜ ፈተና አለበት" አለ ፋዘር ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ምን ፈተና? ከተመረቅኩ ቆየሁ እኮ! ጋሽ ወንዴም ያውቃል፤ ምርቃቴ ላይ መጥቶ በልቷል። ብቻ አላስተዋለም፣ ሐሳቡ ጎጃም ገብቷል። "እንግዲያው ግዴለም፣ እኔው ቀስ ብዬ እነዳታለሁ" አለ። አዩብ ግን የፋዘርን ጩኸት አስተውሏል። ካርቶኑን ብብቱ ሥር አደረገና "ጋሽ ወንዴ፣ የድካሜን ተወው፣ አልፈልግም" ብሎ ሄደ። ጋሽ ወንዴ "ምን ሆነ ይሄ? ተቀየመኝ እንዴ?" ብሎ እኛን ጠየቀን። እኛን!

ያኔ ነው የገባኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ፋዘር የበያጁን ነገር ያላመነበት፣ "ትችላለች" ብሎ ራሱን ያሳመነ ይመስለኝ ነበር። ለካ የበያጁን ቃል አምኖታል። የእሱ ልጅ እንዲገባባት አይፈልግም። የጋሽ ወንዴ ልጅ ግን የራሷን መስኮት መርጣለች።

ማታ ራት ቀረበ። ሁልጊዜ የሚጸልየው ፋዘር ነው፤ የዛን ቀን "አንተ ጸልይ" አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አፌ አልከፈት አለኝ። እናቴ ሰብሌ "ምን ሆናችሁ ነው አባትና ልጅ? ወጡ እየቀዘቀዘ ነው" አለች። ሳንጸልይ በላን። በእኛ ቤት ይሄ ሆኖ አያውቅም።

በማግስቱ ስም ሊዛወር ሲል ፋዘርን በር ላይ ያዝኩት።

"አባዬ፣ እንንገረው።"

"ምን ብለን?"

"ያለውን ነዋ። ሻንሲዋ ተሰንጥቋል እንበለው።"

"ልጄ በሞቴ ምሎ ዋሸህ ልበለው?"

"ማልለት ያልከኝ አንተ ነህ እኮ" ልለው ነበር። ግን ፊቱን አየሁት። አባታችሁ ትንሽ ሆኖ ታይቷችሁ ያውቃል? ኮቱ የሰፋው መሰለኝ። "ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው" አለኝ፣ "ብዙም አይጭንባትም።" ይሄን ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔም ከበሩ ላይ ዞር አልኩለት። ስሟም ዞረ።

ከዚያ ወዲህ ፋዘር ባስነጠሰ ቁጥር እደነግጣለሁ። ሳቁብኝ፣ ግዴለም። ትናንት ትንሽ ሲያስለው ውኃ ይዤለት ሮጥኩ። አባቴ ይሙት ብያለሁ፣ ዋሽቻለሁ፤ ከላይ የሚሰማ ካለ እኔን ነው የሰማው።

ሼም ብቻ ቢሆን ይለቀኝ ነበር። ትናንት 18 ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ነካ አድርገው "የመዝገቡ ልጅ አይደለህም?" አሉኝ። ምን እንዳልኳቸው ታውቃላችሁ? "አይ፣ ተመሳስዬብዎት ነው።" በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል አይደል? በዚህ ተረት ስንቴ ስቄያለሁ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ፊቴን በመስኮቱ በኩል ደበቅኩ።

ዛሬ አርብ ነው። አመሻሽ ላይ በወፍጮ ቤቱ በኩል ሳልፍ በቅሎዋ ቆማለች። ግድግዳዋ ታጥፎ፣ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ለአገር ቤት የሚሄድ የላሜራ በር ሳይቀር ገብቶባታል። "ብዙም አይጭንባትም" ያለው ፋዘር ቢያይ! ጽጌማርያም ከአሁኑ ቦታዋን ይዛለች፤ እናቷ "ነገ ነው እኮ፣ ውረጂ" ትላታለች፣ እሷ እንቢ። አይታኝ በመስኮቷ በኩል እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት። ቀለም የነካውን ኪሴ ከትቼ፣ በሌላኛው እጄ።

ቤት ገብቼ ይሄን ስጽፍላችሁ ጋሽ ወንዴ መልእክት ላከልኝ። "ኤሉ የኔ ጌታ ክሪኳ የት ነው የተቀመጠችው ጎማ መቀየር ቢኖርብኝ ብዬ ነው።" አልመለስኩም። አሁን ደግሞ እየደወለ ነው። ብነግረው ጎህ ሲቀድ አይሄዱም፤ ግን ፋዘር በዚህ ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ ቀና ብሎ አይሄድም፤ በሞቱ ያስማለ አባት ይባላል። እኔም በአባቱ ሞት የዋሸው ልጅ ነኝ። ስለ ክሪኩ ብቻ ብነግረው ደግሞ "ከወንበሩ ሥር ናት፣ መልካም መንገድ" ብዬው ልዘጋ ነው።

ስልኬ ይጮኻል። ፋዘር እዚያው ሳሎን ነው፣ ሬዲዮ እየሰማ። የስልኬን ድምፅ ሲሰማ ሬዲዮኑን ቀነሰው። እየጠበቀ ነው፤ ምን እንድል እንደሚፈልግ ግን ከጀርባው ማወቅ አልቻልኩም።

እናንተ ብትሆኑ፣ ስልኩን አንስታችሁ ምን ትሉታላችሁ?