ባለሜዳዎቹ ሳን ሆዜ ገቡ

ወለተ ማርያም ልጃቸው ሩሓማ ምን እንደምትሠራ ለሰው ማስረዳት ይቸግራቸው ነበር። ሩሓማ ኦክላንድ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ዳይሬክተር ናት፤ እሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያን ሲጠየቁ «ስፖርት ታስተምራለች» ብለው ያልፉታል። አንድ ቀን ራሷን ጠየቋት፤ አትሮጪ፣ ኳስ አትመቺ፣ ታዲያ ሥራሽ ምኑ ላይ ነው ብለው። ሩሓማ ስቃ ስታበቃ፣ ሌሎቹ እንዲጫወቱ የሚያስፈልገውን ሁሉ የማዘጋጀው እኔ ነኝ አለቻቸው። አልተዋጠላቸውም።

ሥራውን የተማረችው ከታች ጀምራ ነው። በልጅነቷ ሯጭ ነበረች። ኮሌጅ እንደገባች ጉልበቷ ተጎዳና ሩጫው ቀረ፤ ከሜዳ መራቁ ስላልሆነላት ማሊያ እያጠበች ቆየች። ከዚያ የቡድን አስተባባሪ፣ ከዚያ ምክትል ሆነች። ዳይሬክተር ስትሆን መጀመሪያ ያደረገችው ተበትኖ የነበረውን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን መልሶ ማቋቋም ነው። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ከክፍል በቀጥታ ወደ ሥራ የሚሮጡ ስለሆኑ ልምምዱን ማለዳ አደረገችላቸው። ግብ ጠባቂዋ ሐሴት ሪችመንድ ያደገች ያበሻ ልጅ ናት፤ አማርኛ ሲያወሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ይህ ቡድን ነው ዘንድሮ ለፍጻሜ የደረሰው፤ ያውም በገዛ ሜዳው ሊጫወት።

የጨዋታው ቀን ጠዋት ሩሓማ ሜዳው ላይ ስትደርስ ጫማዋ በውሃ ተሞላ። ከሥር የተቀበረው ቧንቧ ፈንድቶ የግቡ አፍ ኩሬ ሆኗል። ሱሪዋን ጠቅልላ ከሠራተኞቹ ጋር ውሃውን በመጥረጊያ ትገፋ ጀመር፤ የገፉት ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ወለተ ማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን ሥራ ላይ ሊያዩ የመጡት በዚያው ሰዓት ነበር።

«ያን ሁሉ የተማርሽው ለዚህ ነው?» አሏት።

ዳኛው ሜዳውን ዞሮ አየና በዚህ ላይ ማጫወት እንደማይችል ነገራት። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ባለሜዳው ሜዳ ካላቀረበ ዋንጫው በፎርፌ ለተጋጣሚ ይሄዳል። ሩሓማ ሪችመንድ ወዳለው ሜዳ ደወለች፣ ተይዟል። ቴሜስካል ያለው የትምህርት ቤት ሜዳ ደግሞ ጠባብ ነው። የቀራት አንድ ስልክ ብቻ ነበር፤ የተጋጣሚያቸው የሳን ሆዜ ኮሌጅ ዳይሬክተር፣ የሉቺያ። ዝም ብላ ብትቀመጥ ዋንጫው ቤቷ ድረስ የሚመጣላትን ሴት ሜዳሽን አውሺኝ ማለት ከበዳት። ልጆቹ ማሊያቸውን ለብሰው አጥሩ ጥግ ተደርድረው ሲያዩዋት ግን ደወለች።

ሉቺያ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች። «ሳይጫወቱ ዋንጫ ብሰጣቸው ልጆቼ ምን ይሉኛል? እኛም ገና አልተነሳንም። ኑ» አለቻት።

«ባለሜዳ ግን እኛ ነን» አለች ሩሓማ።

ሉቺያ ሳቀች፤ የእንግዳውን መልበሻ ክፍል እኛ እንይዛለን ብላ ተስማማች። የሊጉም ኃላፊ በስልክ ፈቀደ።

ለተጫዋቾቹ አውቶቡስ ተገኘ። ሊደግፉ የመጡት ግን ግማሾቹ መኪና አልነበራቸውም፤ ቆመው ይተያያሉ። ይሄኔ ወለተ ማርያም ስልካቸውን አወጡና የቤተ ክርስቲያኑን ቫን ለሚነዳው ደወሉ።

«ዓባይነህ፣ ቫኑን ይዘህልኝ ና። ጨዋታው ሳን ሆዜ ሆኗል። መኪና ያላቸውንም ሁሉ ኮል አድርግልኝ።»

ሩሓማ እናቷን ዞራ አየቻቸው። እሳቸው አላዩዋትም፤ ሰዉን ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ይደለድሉ ነበር።

ሳን ሆዜ ሲደርሱ የውጤት ሰሌዳው ላይ ባለሜዳ በሚለው ቦታ ኦክላንድ ተብሎ ተጽፏል። ሳን ሆዜዎች ቀድመው አገቡ። ኦክላንዶች ከዕረፍት በኋላ በማዕዘን ምት አቻ ሆኑ፣ ጭማሪ ሰዓቱም እንዲሁ አለቀና ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ። ወለተ ማርያም ማየት ስላቃታቸው ፊታቸውን ወደ ዓባይነህ አዙረው እሱ እየነገራቸው ተከታተሉ። መጨረሻ ላይ ሐሴት በግራ በኩል ተወርውራ ኳሷን በጣቷ ጫፍ ገፋቻት። ዓባይነህ መናገሩን ትቶ ሲዘል ነገሩ ገባቸው።

ሉቺያ ሜዳ ውስጥ ገብታ ሩሓማን አቀፈቻት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሜዳዬን አላውስሽም አለቻት፣ ሁለቱም እየሳቁ እንባቸው መጣ። ገና ሳይላቀቁ ልጆቹ ከኋላ መጥተው እንደ አሸናፊዎች ወግ አንድ ባልዲ የበረዶ ውሃ ሩሓማ አናት ላይ ደፉባት። ጮኸች። ሐሴት ሁለተኛውን ባልዲ ይዛ ሳለ ወለተ ማርያምን አየቻቸውና እንዳይቆጧት ፈርታ ቆመች።

እሳቸው ጠጋ ብለው፣ «ጀርባዋ ደረቅ ነው፤ በዚያ በኩል ጨምሪላት» አሏት።

«ኦኬ፣ ጎት ኢት» አለች ሐሴት፣ ባልዲውን እያነሳች።